ሰላምታውን የጨረስኩበት ቀን

በቅርቡ ትልቋ ልጄ ከሥልጠና ተመልሳ ልትጠይቀኝ መጣች። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው የተማሩት ስለ ተመስጦ ነው፤ ኃላፊ የሆነ ሰው ከመወሰኑ በፊት እንዴት ራሱን ጸጥ እንደሚያደርግ፣ ሠራተኛው ሲናገር እንዴት በሙሉ ልቡ እንደሚያዳምጥ። ገርሞኝ ሳቅሁ። በእኛ ጊዜ ኃላፊ የሚሠለጥነው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር ነበር።

«አትሳቅ አባዬ፤ ና እስቲ ላሳይህ» አለችና ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። «ዓይንህን ጨፍን። ትንፋሽህን ብቻ ተከተል። በዙሪያህ ያለውን ድምፅ ስማ።»

ጨፈንኩ። የጎረቤታችን የውሃ መሳቢያ ሞተር ከግንቡ ወዲያ ይጮህ ነበር። ትንፋሼን ልከተል ስሞክር ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆምኩ። ልጄ ደነገጠች።

«ምን ሆንክ? ገና አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም እኮ።»

«ይህን ሥልጠና እኔ ድሮ ወስጄዋለሁ» አልኳት።

«የት?»

«ከነጌሌ በታች፣ ጉድጓድ አፍ ላይ።»

ቀልድ መሰላት። እስከዚያ ቀን ለእሷም ሆነ ለሌላ ሰው በቅጡ ተናግሬው ስለማላውቅ አልፈረድኩባትም። ለእሷ የነገርኳትን ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ክብረ መንግሥት ስለሆነ ኦሮምኛውን ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፤ ነጌሌ ላይ የአንድ የጉድጓድ ጥገና ቡድን ኃላፊ ሲያደርጉኝ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ስድስት ሠራተኞች፣ አንድ አሮጌ ላንድሮቨርና አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረን። ሥራችን በቆላው ያሉትን የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ግድግዳቸው ሲናድ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት ነው።

ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ጓድ ቶሎ» ይሉኝ ነበር። ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር። በቀን ውስጥ ከአፌ ከሚወጣው ቃል ግማሹ «ቶሎ» ነው። ሞተረኛችን ኤልያስ የወንጌል አማኝ ነበርና ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንገቱን ደፍቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይጸልያል። «ጓድ ኤልያስ፣ ሞተሩ የሚሠራው በነዳጅ ነው» ብዬ አስተውኩት። ከዚያ ወዲህ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የአገሩ ሰላምታ ነበር። በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ «አካም?» ይባላል፤ «ናጋ» ተብሎ ይመለሳል፤ ሰላም ነው ማለት ነው። በዚያ አያበቃም። ከብቱ ሰላም ነው? ልጆቹስ? መንደሩስ? ሣሩስ? አንድ በአንድ ትጠየቃለህ፣ አንድ በአንድ «ናጋ» ትላለህ፣ ከዚያ ደግሞ አንተ በተራህ ትጠይቃለህ። ይህ ሳያልቅ ጉዳይ አይነሣም። እኔ ሁለተኛው ናጋ ላይ ስደርስ እቆርጠውና «እሺ፣ ጉዳዩን ንገሩኝ» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እኔ ደግሞ ሰዓቴን አያለሁ።

ግንበኛችን ሸምሱ ይባላል። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ሚስቱ ዘይነባ በነጌሌ መውጫ፣ መንገዱ ዳር፣ ስኳርና ጨው፣ ክብሪትና ባትሪ ድንጋይ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ወደዚያ ጉድጓድ ልንሄድ ሸምሱን ለመውሰድ ስንቆም ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። ወጣ ብላ «ጋሽ ተሾመ፣ ደህና አደሩ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለችኝ። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ «ሸምሱ! ውጣ እንጂ፣ ቶሎ!» እያልኩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሱቅ በር ስናልፍ ከመኪና ወርጄ አላውቅም።

ጉድጓዱ ከነጌሌ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ከብቱ የሚወርድበት ረጅም መንገድ መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል ይወስድና ገንዳው ዘንድ ያደርሳል። ከገንዳው አጠገብ ዋናው ጉድጓድ አለ፤ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ የሚያወጡበት። ከእሱ አምስት እርምጃ ፈንጠር ብሎ ደግሞ አፉ የጠበበ፣ የተተወ ደረቅ ጉድጓድ ነበረ። ይህን ደረቅ ጉድጓድ አስታውሱልኝ።

የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ በአገሩ አባ ሄረጋ ይባላሉ። የዚያ ጉድጓድ አባ ሄረጋ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አዛውንት ነበሩ። ስለ ጉድጓዱ የሚነገር ነገር ካለ ተናጋሪው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ወጣት አፉን አይከፍትም። ጥገናው ከተጀመረ ሦስተኛ ቀን ስለነበር ከብቱ በቅጡ ሳይጠጣ ሰንብቷል።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዓርብ ከበላይ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በሪፖርቴ ላይ «ተጠናቋል» የሚለው ቃል መጻፍ ነበረበት። ጠዋት ሸምሱ ጉድጓዱን አይቶ ወጣና ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ እያለቀሰ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እርጥበት እያወጣ ነው። አፈሩ ከሥር የላላ ይመስለኛል። ከመገንባቴ በፊት በእንጨት ልደግፈው። ዛሬን ብቻ ይስጡኝ።»

«ሸምሱ፣ ዓርብ ሪፖርት አለብኝ።»

«እሱስ ልክ ነው ጋሼ፣ ግን…»

«ግን የለም። ቶሎ ውረድ። ይህን ስታወራ ግማሽ ሜትር ትገነባ ነበር።»

ትንሽ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። መዶሻውን ወገቡ ላይ ሻጠ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ገመዱን ይዞ ወረደ።

አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የሪፖርቱን ረቂቅ እጽፍ ነበር። ጉድጓድ ሲናድ ትልቅ ድምፅ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። የሰማሁት ግን የሞላ ጆንያ ከመኪና ሲወረወር የሚሰማው ዓይነት ድፍን ድምፅ ነው። ቀጥሎ አቧራ ወጣ። ገመዱን የያዙት ሁለት ሠራተኞች ባዶ ገመድ ይዘው ወደ ኋላ ወደቁ።

«ሸምሱ!» አልኩ። መልስ የለም። የሞተሩ ጩኸት ብቻ ነው።

አጎንብሼ ሳይ የጉድጓዱ ምሥራቃዊ ግማሽ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቷል። በሌላው ግማሽ የሞተሩ ቱቦ ጭቃ ውሃ ይስባል። ሰው የለም። ፈራሁ፤ ከዚያ በፊት ፈርቼ የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አላውቅም። ዘይነባ ከነሆዷ ሱቋ በር ላይ ቆማ ታየችኝ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? «እየነገረኝ ነው ያወረድኩት» እላታለሁ?

ፍርሃት አንዳንዱን ሰው ያደርቀዋል። እኔን ግን አስጮኸኝ። «ውረዱ! ቆፍሩ! ቶሎ! አንተ አካፋ አምጣ! ባልዲ የታለ? ቶሎ!» ከብት የሚጠብቁት ወጣቶች ሳንጠራቸው ዘልለው ገቡ፤ ሃያ ይሆናሉ። አፈሩ በባልዲ መውጣት ጀመረ። አንዱ ሠራተኛ «ጓድ፣ የት እንድፋው?» አለኝ። ወደ ከብቱ መንገድ ለመውሰድ ሩቅ ነው። ዞር ስል ደረቁን ጉድጓድ አየሁት።

«እዚያ! ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት! ቅርብ ነው፣ ቶሎ!»

በዚህ መሐል ኦቦ ጃርሶ በከብቱ መንገድ ወረዱና ፊቴ ቆሙ። በትራቸውን ተደግፈው «አካም?» አሉኝ።

«ኦቦ ጃርሶ፣ አሁን ጊዜ የለኝም!»

«ናጋ? ሎን ናጋ?» አሉ፤ ከብቱ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ሰው ተቀብሮብኝ ስለ ከብት ይጠይቁኛል?» ብዬ ጮህኩና ገፋ አድርጌያቸው አለፍኩ። ከኋላዬ በበትራቸው እያመለከቱ ሌላ ነገር ሲናገሩ ታይተውኛል። የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። ምን አሉ ብዬ አልጠየቅሁም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆፈርን። የምናወጣው አፈር ብዙ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግን አይቀንስም፤ ከላይ እየተናደ ይተካል። ኦቦ ጃርሶ እንደገና መጥተው እጅጌዬን ያዙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እጄን ስመነጭቅ ኩታቸው ከትከሻቸው ወርዶ ጭቃ ላይ ወደቀ። ወጣቶቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። በዚያ አገር በሽማግሌ ላይ እንዲህ አይደረግም፤ በየትኛውም አገር አይደረግም። እሳቸው ምንም ሳይሉ ኩታቸውን አነሡ፣ አራገፉ፣ ለበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄዱና ደረቁ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ አፈር የምንደፋበት ቦታ ላይ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ባልዲ ያዥው ቆመ። «ጓድ፣ የት ልድፋው?»

ወጣቶቹ ሽማግሌው ሲቀመጡ ሲያዩ አንድ በአንድ አካፋቸውን አስቀመጡ። ሥራው ሁሉ ቆመ። እኔ ግን አእምሮዬን ስቼ ነበር። አካፋ በእጄ እንደያዝኩ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። «ይነሡ! ሰው እየሞተብኝ ነው፣ ይነሡ ብያለሁ!» ኤልያስ ከሞተሩ ዘንድ ዘልሎ ክንዴን ባይይዘው ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

«ጓድ ተሾመ! እግዚአብሔርን ይፍሩ!»

ኦቦ ጃርሶ ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ ማስጠጋት ነበረባቸው። «ልጄ፣ ሰውየው በየት በኩል እንዳለ ታውቃለህ?»

አሰብኩ። ከነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። «አላውቅም።»

«እንግዲያ እንስማ። ሞተሩን አጥፋው።»

ኤልያስ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከጠፋ ውሃው ይሞላል። በአሥር ደቂቃ ጉልበት ይደርሳል። ሸምሱ ወድቆ ከሆነ…» አልጨረሰውም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ኃላፊው እኔ ነኝ። ብናጠፋው ልናሰምጠው እንችላለን፤ ባናጠፋው የት እንዳለ ሳናውቅ ሌላ አፈር እንንድበታለን። ዘወትር ከአፌ የማይጠፋው ቶሎ የሚለው ቃል ጠፋኝ።

«አጥፋው» አልኩት።

ሞተሩ ዝም አለ። አሁን የከብቱ ጩኸት መጣ። ውሃ የሸተተው፣ ሦስት ቀን የተጠማ ከብት መንገዱን ሞልቶ ይጮሃል። ኦቦ ጃርሶ በትራቸውን ከፍ አደረጉ። ወጣቶቹ የገዛ ከብታቸውን ከውሃው እየመለሱ፣ እየመቱ፣ ወደ ላይ ነዱት። አንዱ ልጅ እግር ጊደሩን እየመታ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ራቀ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከታች ውሃው ሲጠራቀም ይሰማል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የሸምሱ ድምፅ ግን የለም። ውሃው እየጨመረ ነው። ሞቷል፣ ገድዬዋለሁ፣ አልኩ በልቤ። አላስቻለኝም።

«ኤልያስ፣ አስነሣው! ቶሎ አስነሣ…»

ኦቦ ጃርሶ የእጄን አንጓ ያዙና ወደ ታች ሳቡኝ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት ይኖራቸዋል ብዬ አልጠበቅሁም። አጠገባቸው፣ ደረቁ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በቂጤ ዱብ አልኩ።

«አካም?» አሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ላብድ ደረስኩ። ግን አንጓዬን አልለቀቁም። «ናጋ» አልኩ፤ ቃሉ ከሳግ ጋር ወጣ።

«ሎን ናጋ?»

ከብት የለኝም። «ናጋ።» ትንፋሼ ተቆራረጠ።

«ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹስ? ያን ጊዜ ልጅም አልነበረኝም። «ናጋ።»

«ኦላን ናጋ?» መንደሩስ? «ናጋ።»

በእያንዳንዱ ጥያቄ መሐል ይጠብቁኛል። እስከምተነፍስ ድረስ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። አራተኛው ላይ ዝንብ ስትበር ሰማሁ። የኤልያስ ከንፈር ሲንሾካሾክ ሰማሁ። ፍርሃቱ አልሄደም፣ እዚያው አለ፤ ግን ጆሮዬን ለቀቀልኝ።

«ነምኒ ኬ ናጋ?» አሉ በመጨረሻ። ሰውህስ ሰላም ነው?

ናጋ ማለት አቃተኝ። «አላውቅም ኦቦ» አልኩ። «ናጋ አይደለም። ግድግዳው እያለቀሰ ነው ብሎኝ ነበር። እየነገረኝ ነው ያወረድኩት።»

ጆሯቸውን ወደ መሬት አዘነበሉ። እኔም አዘነበልኩ።

ያን ጊዜ ከተቀመጥንበት ሥር ድምፅ መጣ። ጠቅ። ጠቅ።

ብረት ድንጋይ ሲመታ። ከተናደው ክምር በኩል አልነበረም። ከእግራችን ሥር፣ ከደረቁ ጉድጓድ ነበር።

«ሁለቱ ጉድጓዶች ከሥር ይገናኛሉ» አሉ ኦቦ ጃርሶ። «አባቶቻችን ውሃውን ሲከተሉ የቆፈሩት ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ሰውየው ወደዚያ ገብቷል። ትንፋሽ የሚያገኘው በዚህ አፍ ነው። ሁለቴ ነገርኩህ። ጆሮህ አልነበረም።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በእኔ ትእዛዝ፣ ቶሎ ቶሎ እየተባለ፣ ያን ሁሉ አፈር የደፋነው በሸምሱ መተንፈሻ ላይ ነበር። ልናወጣው ሳይሆን ልንቀብረው ነበር የምንሯሯጠው።

«ምን እናድርግ ኦቦ?» አልኳቸው። ሁለት ዓመት በኃላፊነት ስሠራ ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። ወጣቶቹ በደረቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆሙ፤ የቆዳ ባልዲው አፈሩን ይዞ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ይዘፍኑ ነበር። ያን ቀን ማንም አልዘፈነም። በየመሐሉ ሞተሩን እያስጠፋሁ እንሰማለን። አንደኛው ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ሁለተኛው ጊዜም አለ፣ ደከም ብሎ።

ሦስተኛው ጊዜ ምንም የለም።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። «ቶሎ» የሚለውን ቃል ዋጥኩት። ብንቸኩል የቀረው አፈር እንደሚናድበት አሁን አውቃለሁ። መሬት ላይ ተንበረከኩና ትንፋሼን ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ላይ ስደርስ፣ ራሴ ያሰብኩት ይሁን እውነት ይሁን ለማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ በቀጭኑ፣ ጠቅ።

«አለ» አልኩ። «በቀስታ። ቀስ በሉ።» ኤልያስ በኋላ ሲያጫውተኝ፣ ቀስ በሉ ስል ጆሮውን አላመነም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እጁ ታየ። ግራጫ እጅ፣ መዶሻውን እንደጨበጠ። በገመድ ሳብነው። አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ ውሃው ደረቱ ደርሶ ነበር፣ አፉ አፈር ሞልቷል። ኦቦ ጃርሶ በመዳፋቸው ውሃ አጠጡትና አጎነበሱ። «ናጋ?»

«ናጋ» አለ ሸምሱ፤ ድምፁ አይወጣም።

እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄጄ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ። ኩታዎን… በአካፋ…»

«ሰላምታውን መቼ ጨረስክ?» አሉኝ። «እኔ ጠየቅሁህ። አንተ አልጠየቅኸኝም።»

አንገቴን ደፍቼ ጠየቅሁ። እሳቸው ሰላም? ናጋ። ልጆቹ? ናጋ። ከብቱስ?

ወደ መንገዱ አናት፣ የተባረረው ከብት ወደቆመበት አዩ። «ከብቱስ ተጠምቷል» አሉ።

ኤልያስና ሌሎቹ እዚያው ቀርተው ገንዳውን እንዲሞሉ አደረግሁ። እግሩን በእንጨት አስረን፣ ሾፌሩና እኔ ሸምሱን ይዘን ወደ ነጌሌ ተነሣን። ኋላ ተቀምጬ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠ።

«ጋሼ፣ እዚያ ታች ሆኜ ሰምቻችኋለሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ሞተሩ ሲጠፋ አበቃልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ሰላምታ ሰማሁ። ሎን ናጋ፣ ኢጆሌን ናጋ… አፌን አፈር ስለሞላው በመዶሻዬ መለስኩ። ሰላምታ ሲሰማ ዝም አይባልም ብዬ።» ትንሽ አረፈ። «እርስዎ ሲመልሱ ግን ድምፁን አላወቅሁትም። ኃላፊ የተቀየረ መስሎኝ ነበር።»

ሊያስቀኝ ነው የተናገረው። አልሳቅሁም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነጌሌ ገባን። ሸምሱ «ዘይነባ ሳታየኝ ክሊኒክ አልገባም» ስላለ ሱቁ በር ላይ ቆምን። ዘይነባ ባንኮኒዋ ኋላ ነበረች። መኪናውን አይታ ሸምሱ እስኪወርድ ጠበቀች። የወረድኩት እኔ ነኝ። ጭቃ በጭቃ እንደሆንኩ፣ ቀስ ብዬ ወደ እሷ ሄድኩ። እንዳላስደነግጣት ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ዘይነባ፣ እንደምን ዋልሽ? ደህና ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ሚዛኑ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሞተ!» አለች። «ሸምሱ ሞተ! ጋሽ ተሾመ ከመኪና ወርደው ደህና ነሽ ካሉኝ ሸምሱ ሞቷል!» ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ «አልሞተም፣ አልሞተም» እላለሁ፣ አትሰማኝም። ከኋላዬ ከመኪናው ውስጥ ሸምሱ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ናጋ ነው ዘይኔ! አለሁ! ናጋ ነው!»

የዚያ ቀን ፍርሃት ብዙ ዓይነት ነበር። የአፈሩም፣ የውሃውም፣ የጸጥታውም ነበረበት። ዛሬም ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግን የዘይነባ ፊት ነው። ደህና ነሽ ወይ ማለቴ መርዶ መሰላት። አልተሳሳተችም፤ ያን ቃል ከእኔ አፍ በደህና ቀን ሰምታው አታውቅም።

ዓርብ በሪፖርቱ ላይ «አልተጠናቀቀም» ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም አልደበቅሁም። ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የተገባኝ ነው። ሸምሱ እግሩ ሲድን ግድግዳውን መጀመሪያ በእንጨት ደግፎ፣ በራሱ ጊዜ ገነባው። ከዚያ በኋላ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ክብ ሠርተን እንቀመጥ ነበር። አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ ሚስትህ፣ ልጅህ፣ ጀርባህ፣ ያየኸው ችግር? ለመልሱ እጠብቃለሁ። ከዚያ ትንሽ ጸጥ እንላለን፤ ኤልያስ ይጸልያል፣ ሸምሱ ዱዓ ያደርጋል፣ እኔ ትንፋሼን እሰማለሁ። ቅዱስ ሆንኩ አልልም። «ቶሎ» የሚለው ቃል ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያመልጠኝ ነበር። ሲያመልጠኝ ግን የእጄ አንጓ ላይ የኦቦ ጃርሶ ጣቶች ይሰሙኛል።

ልጄ ታሪኩን ጨርሼ ስነግራት ስልኳን አወጣችና ቢሮዋ ውስጥ ለምትሠራ አንዲት ልጅ ደወለች። «ደህና ነሽ? ልጅሽ እንዴት ነው?» አለቻት። ከወዲያ በኩል ያለው መልስ እኔም ዘንድ ተሰማ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

እናንተም ሰው የምታስተዳድሩ ከሆናችሁ ነገ ጠዋት ሞክሩት። ሠራተኛችሁን ቤተሰብ ደህና ነው ወይ በሉት። ደንግጦ ምን ተፈጠረ ካላችሁ፣ አፈሩን የት እየደፋችሁ እንደሆነ ቆም ብላችሁ እዩ።